የራቭዳን ጽዋ

በእኛ አካባቢ አይራግ መጠጥ ነው የሚል ሰው ቢገኝ መሳቂያ ይሆናል። የባዝራ ወተት በቆዳ ስልቻ ገብቶ፣ ወጪ ወራጁ እየመታው ውሎ አድሮ ኮምጠጥ ሲል፣ እሱ ምግብ ነው። ሕፃን ይጠጣዋል፣ አራስ ትጠጣዋለች፣ ሆዱን የቆረጠው ይታከምበታል። በሞቃቱ ወራት ሌላ ነገር ሳያምራቸው በእሱ ብቻ የሚከርሙ ሽማግሌዎች አሉን። ብዙ ጽዋ ገልብጦ ኮርቻው ላይ እየተወዛወዘ የሚዘፍን ሰው ብናይ እንኳ «ጠግቧል» እንላለን እንጂ «ሰክሯል» አንልም። ስካር የአረቄ ነው፤ አረቄ ደግሞ ከወረዳው ከተማ በጠርሙስ የሚመጣ ጉድ ነው። እንዲህ ተባብለን፣ ተስማምተን በሰላም ስንኖር ነው ዳሽኛም ከእስር ቤት ወጥቶ ስምምነታችንን ያፈረሰብን።

ዳሽኛም ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። የሚሸፍነው የፊት ጥርሶቹ በአንድ ድግስ ላይ ስለቀሩ ነው፤ የማን ድግስ እንደነበር እሱም አያስታውስም። በጉብዝናው ዘመን ፈረስ በመግራት አቻ አልነበረውም። አስቸጋሪ ፈረስ ያለው ሁሉ እየጎተተ ያመጣለት ነበር። እኛ ደግሞ የረዳንን ሰው ሳናጠጣ አንሸኝም፤ እሱም ጠጣልን ሲሉት እንቢ የሚል አልነበረም። እየቆየ መግራቱ ቀረና መጠጣቱ ብቻ ተረፈ። በጎቹን ሸጠ፣ ኮርቻውን ሸጠ፣ የራሱ የሆነ ነገር ሲያልቅበት የሰው መሸጥ ጀመረ።

ከወንዙ ማዶ ራቭዳን የሚባሉ ባለ መንጋ ሽማግሌ አሉ። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ከሰው ይልቅ ከከብት ጋር ማውራት የሚቀናቸው ሰው ናቸው። ብዙ ፈረስ ቢኖራቸውም ልባቸው ያለው አንድ ቡላ ሰንጋ ፈረስ ላይ ነበር። እናቱ በበረዶ ወራት ሞታበት፣ ገና እግሩ ሳይጠና ድንኳናቸው ውስጥ አስገብተው ከእሳቱ አጠገብ በጡጦ ያሳደጉት ነው። አንድ ቀን፣ ሣሩ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ዳሽኛም ያንን ቡላና ሌሎች ሁለት ፈረሶች ነድቶ ለሥጋ ነጋዴ ሸጣቸው። ገንዘቡንም ጠጣው።

ተይዞ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛዋ «ፈረሶቹን የት አደረስካቸው?» አለችው። «ሰክሬ ነበር፣ አላስታውስም» አለ። ዋሽቶ ነው፤ አሳምሮ ያስታውስ ነበር። ራቭዳን ከፊት ወንበር ላይ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አልተሳደቡም፣ አልረገሙም። አላስታውስም ያለውን ግን ቃል በቃል አመኑት። ቡላው አንድ ቦታ አንድ ሰው እየጋለበው ይሆናል ብለው በየገበያው፣ በየፈረስ እሽቅድምድሙ እየዞሩ ሲፈልጉት ከረሙ። ዳሽኛም ይህንን የሰማው እስር ቤት ሆኖ ነው። ከዚያ በኋላ አለቃውም፣ ብርዱም፣ የእስረኛው ጠብም እንደዚህ ወሬ አላንገበገቡትም።

ሚስቱ ጸንድማ አልፈታችውም፤ ይቅርም አላለችውም። ተፈትቶ ሲመጣ በድንኳኑ በምዕራብ በኩል፣ እንግዳ በሚተኛበት አልጋ ላይ አነጠፈችለት።

«እዚህ ነው እንዴ የምተኛው?» አላት።

«እንግዳ አይደለህ? ለእንግዳ የሚደረገውን ነው ያደረግሁልህ።»

«እስከ መቼ?»

«እንግዳ ስንት ጊዜ ይቆያል ተብሎ ይጠየቃል? ነውር ነው።»

ጸንድማ እንዲህ ናት። ነገሯ ሁሉ ጨዋ ነው፤ ጨዋነቷ ግን ያቆስላል። እሱ በሌለበት ዘመን ያሉትን ጥቂት ፍየሎች እየጠበቀች፣ ሱፍ እየፈተለች፣ አንዲት ልጃቸውን ሶሎንጎን አስተምራ ለመምህርነት አብቅታለች። ለማንም እጇን አልዘረጋችም። ዳሽኛም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ የእንግዳው አልጋ ላይ ጋደም አለ።

እስር ቤት የተማረው ሙያ ጡብ መጋገርና መደርደር ነው። በእኛ አገር ደግሞ ብርዱ ሲጠና ከብት በቆመበት የሚደርቅበት ዓመት አለ፤ ጥሩ መጠለያ ያለው ሰው መንጋውን ያተርፋል፣ የሌለው አጥንት ይለቅማል። ዳሽኛም ከቤተሰብ ቤተሰብ እየዞረ የከብት መጠለያ ግድግዳ መሥራት ያዘ። መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ያዩት ሁሉ ልጓማቸውን እየሰበሰቡ ከትራስ ሥር ይከቱ ነበር። እሱም እንዳላየ ሆኖ ጭቃውን ያቦካል። ሥራው ቀጥ ያለ ነበር፤ ቀስ በቀስ ልጓሞቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አረቄ ሲቀርብለት ጽዋውን በቀኝ እጁ ይቀበልና የቀለበት ጣቱን ነክሮ ወደ ሰማይ፣ ወደ ምድር፣ ወደ እሳቱ ረጭቶ፣ ግንባሩን ነካ አድርጎ ይመልሳል። አረቄን እንዲህ አድርጎ መመለስ ነውር የለበትም፤ ማንም ቅር አይለውም። ሁላችንም «ዳሽኛም ሰው ሆነ» አልን።

አይራግ ግን ይጠጣ ነበር። ማን ይከለክለዋል? መጀመሪያ እሱም ትንሽ ፈራ ተባ ብሎ ነበር፤ ታላቅ ወንድሙ ሎዶይ ነው ያደፋፈረው። ሎዶይ ክፉ ሰው አይደለም። የወንድሙን መመለስ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ሲመጣለት በግ አርዶ፣ ስልቻውን አስመትቶ ነው የተቀበለው።

«ትቼዋለሁ እኮ ጋሼ» አለው ዳሽኛም ጽዋውን ሲያይ።

«ምኑን ነው የተውከው? አረቄ መሰለህ እንዴ? ወተት ነው።»

«ቢሆንም…»

«ቢሆንም ምን? ጡት የጣለች የልጅ ልጄ የምትጠጣውን አንተ ልትፈራ ነው? እስር ቤት ልብህንም ቀምተው አስቀሩት?»

ጠጣ። ምንም አልሆነም። በማግስቱም ጠጣ፣ አሁንም ምንም አልሆነም። የአይራግ ክፋቱ ይኼ ነው፤ ፊት ለፊት አይመጣም። ሆዱን ሞቅ አደረገው፣ ትከሻውን አላቀቀለት፣ የቡላውን ነገር ትንሽ ገፋ አደረገለት። ሥራ በሄደበት ሁሉ ቀን በቀን ይጠጣ ጀመር። አንድ ቀን ሲሚንቶ ልገዛ ብሎ ወረዳው ከተማ ሄደና በዚያው ቀረ።

ጸንድማ ያገኘችው ከሱቁ ግድግዳ ሥር አፈር ላይ ተጋድሞ፣ አንድ እግሩ ጫማ አልባ ሆኖ ነው። በሞተር ሳይክል ነበር የሄደችው። ከኋላዋ ብታስቀምጠው ሊወድቅባት ሆነ፤ ስለዚህ የገዛ መቀነቱን ፈትታ ከጀርባዋ ጋር አጥብቃ አሰረችውና ሜዳውን አቋርጣ መጣች። ጊዜው ጠራራ ፀሐይ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለ ድንኳን ሁሉ በር ላይ ወጥቶ አያቸው። እሷ ማንንም ቀና ብላ አላየችም። ደርሳ ፈታችው፣ ጣለችው፣ ወደ ፍየሎቿ ሄደች።

በማግስቱ ሲነቃ «አይራግ ነበር፤ መጀመሪያ እኮ አይራግ ብቻ ነበር» አላት።

ጸንድማ የምትፈትለውን ሱፍ አቆመች።

«እንግዲያው ለአንተ አይራግም አረቄ ነው» አለች።

«ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። ሰው አንተን አዝሎ አልመጣም፤ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ዳሽኛም አይራግ አልቀመሰም። ችግሩም ከዚያ ቀን ጀመረ። አረቄ የመለሰን ሰው እናከብራለን፤ አይራግ የመለሰን ሰው ግን ምን እንደምናደርገው አናውቅም። ነጭ ምግብ ነው፣ የቤት በረከት ነው፣ ከባለቤቲቱ እጅ የወጣ ነው። አንዲት ሴት ጽዋዋን ሲመልስባት «ስልቻዬ ቆሽሿል ማለትህ ነው?» ብላ አልቅሳለች። አንድ ሽማግሌ ግማሽ ግድግዳ አሠርተው አባረውታል። ሎዶይም አኩርፎ ለወራት ደጁን አልረገጠም። «እስር ቤት ሄዶ ኩራት ተምሮ መጣ» እየተባለ በየድንኳኑ ታማ። እኛ ሰው ወድቆ ስናገኘው አንጀታችን ይበላል፤ ሲነሳ ግን እኛ ባልነው መንገድ ካልተነሳ አንወድለትም።

እሱ ግን ግድግዳውን መሥራቱን ቀጠለ። ከባዱ ብርድ መጥቶ ሲሄድ፣ እሱ የሠራላቸው ሰዎች በጎቻቸውን ቆጥረው አገኟቸው፤ ሐሜቱም ትንሽ ረገብ አለ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ አልጋው ከእንግዳው በኩል ተነስቶ ወደ ጸንድማ በኩል ተዛውሮ አገኘ።

ሶሎንጎ በወረዳው ትምህርት ቤት የትንንሽ ልጆች መምህርት ናት። አንድ የዕረፍት ቀን መጥታ ማንላይ የሚባል ልጅ ላገባ ነው አለች። ጸንድማ «የማን ልጅ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሶሎንጎ መሬት መሬት እያየች «የጋሽ ራቭዳን» አለች። ዳሽኛም ድንኳኑን ለቆ ወጣና ከሞተሩ አጠገብ ቆመ። አገሩ ሰፊ ነው፤ ልጁ ግን ከዚያ ሁሉ ወንድ መሃል እሱ ከዘረፈው ቤት መረጠች። ተናደደ ማለት አይቻልም። አፈረ።

የማንላይ አጎት እንደ ወጉ ሰማያዊ ሐር ይዘው ለጋብቻ ጥያቄ መጡ። ራቭዳን ራሳቸው አልመጡም። «ወገባቸውን አሟቸዋል» አሉ አጎትየው። ያን ዕለት ራቭዳን ከመንጋቸው ኋላ ሲጋልቡ ያላየ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ግን «እግዜር ይማራቸው» ብሎ አለፈው። ልጅ ተሰጠ፣ ቀኑም ተቆረጠ። የባዝራው ወተት ሊነጥፍ በተቃረበበት ጊዜ ነበር።

ሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሶሎንጎ አባቷ ግድግዳ ወደሚሠራበት ቦታ ብቻዋን መጣች። እጅጌዋን ሰብስባ ጡብ ታቀብለው ጀመር። ብዙ ጡብ ካቀበለች በኋላ ተናገረች።

«አባባ፣ ላስቸግርዎ ነው።»

«አስቸግሪኝ።»

«ጋሽ ራቭዳን በሠርጉ ላይ ጽዋ ሊያነሱልዎት ነው። በገዛ እጃቸው። ለእርስዎ ብለው አንድ ስልቻ ለብቻው እያስመቱ ነው፤ ማንላይ ነግሮኛል።»

ዳሽኛም የያዘውን ጡብ መልሶ አስቀመጠ።

«እርቅ ነው አባባ። እሳቸው ለማንም እንዲህ አድርገው አያውቁም።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ ይቀበሏቸው። አንድ ጽዋ ብቻ። አረቄ ቢሆን አልለምንዎትም። ለእኔ ሲሉ።»

«ባልጠጣውስ?»

ሶሎንጎ እጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ ትፍቅ ጀመር። «ካልጠጡት» አለች ሳታየው፣ «እኔ በዚያ ቤት ዕድሜ ልኬን የሌባ ልጅ ነኝ።»

መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። ዳሽኛም የቀረውን ጡብ ደርድሮ አልጨረሰም። ልጁን በልጅነቷ አላሳደጋትም፤ የሕፃንነት ጸጉሯ በድግስ ሲቆረጥ የነበረው ሰክሮ ነው፣ ትምህርት ስትጨርስ የነበረው እስር ቤት ነው። አንድ ቀን አንድ ነገር ለመነችው። የለመነችው ደግሞ አገር ሁሉ ምግብ የሚለውን ነው። ማታ ለጸንድማ ነገራት።

«ምን ላድርግ?»

«ልጅህ ጠጣ ብላሃለች፣ እኔ አትጠጣ ብዬሃለሁ። ሁለታችንም ግን ጽዋውን አንይዝልህም።»

«ይኼ መልስ ነው?»

«አይደለም። ብቻ ከጠጣህ መቀነትህን ጠበቅ አድርገህ ታጠቅ። እኔ እንደሆንኩ ጀርባዬ ደክሟል።»

በሠርጉ ቀን ከራቭዳን ድንኳን አጠገብ ለሙሽሮቹ አዲስ ነጭ ድንኳን ተተክሎ ነበር። መኪናው፣ ፈረሱ፣ ሞተሩ ሜዳውን ሞልቶታል። ዳሽኛም ጸንድማ የሰፋችለትን አዲስ ሰማያዊ ካባ ለብሶ ገባ። ራቭዳን በር ላይ ተቀበሉት። ከፍርድ ቤቱ ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

«መንጋህ ሰብቷል?» አሉት፣ ሰው ሁሉ እንደሚባባለው።

«ሰብቷል። የእርስዎስ ሰብቷል?»

«ሰብቷል።»

ከዚያ ሌላ የሚባባሉት አጡ። ሎዶይ ከኋላ መጥቶ «ግቡ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያቆማችኋል» ባይል ኖሮ እዚያው ቆመው ይቀሩ ነበር።

ሥጋው ከተቆረሰ፣ ምርቃቱ ከተመረቀ፣ አንድ ሁለት ዘፈን ከተዘፈነ በኋላ ራቭዳን ተነሡ። የብር ጽዋውን በሰማያዊ ሐር ላይ አድርገው፣ ከዚያ ለብቻው ከተመታው ስልቻ እስከ አፉ ሞልተው ዳሽኛም ፊት ቆሙ። እሱም ተነሣ።

«ዳሽኛም» አሉ። ንግግር የማይችሉ ሰው ናቸው፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ከባድ ዕቃ እያነሱ ነበር የሚያስቀምጡት። «እኔና አንተ አንድ ነገር ነበረን። ዛሬ ልጆቻችን አንድ እሳት ሊያነዱ ነው። ይኼ ከዚያው መንጋ የታለበ ነው። ጠጣው፣ ነገሩ ይልቀቅ።»

ዳሽኛም ጽዋውን ተቀበለ። ጣቱን ነክሮ ረጨ። ሽታው አፍንጫው ደረሰና አፉ ምራቅ ሞላ፤ መካድ አይቻልም፣ ጠምቶት ነበር። ጥሩ አይራግ ነው፤ የመምቻውን ድምፅ ሳይሰማ እንኳ ልፋቱ ያስታውቃል። ሎዶይ ከጎኑ በቅንድቡ «በል እንጂ» እያለው ነው። ጸንድማ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እሳቱን ታያለች። ሶሎንጎ ከማንላይ አጠገብ አንገቷን ደፍታለች። ብጠጣ ዛሬ ምንም አልሆንም ብሎ አሰበ። ዛሬ ሁሉም ይስቃል፣ ሶሎንጎ ቀና ትላለች፣ ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። ይህንን ሁሉ በደንብ አየው፤ ደስ አለውም። ቀጥሎ ያለውንም አየ።

«ጋሽ ራቭዳን» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖበት። «ይህን ብጠጣው ዛሬ ምንም አልሆንም። ትንሽ ቆይቶ ግን የአንድ ሰው ፈረስ ይጠፋል። ምናልባትም የእርስዎ።»

አንድ ሰው ከበሩ በኩል ሳቀና መልሶ ዋጠው።

«ፍርድ ቤት አላስታውስም ብዬ ነበር። አስታውሳለሁ። ቡላውን የሸጥኩት ለሥጋ ነው። ለጋላቢ አይደለም። መኪናው ላይ ሲጫን ዞሮ አይቶኛል። ያን ዕለት ጠዋት የቀመስኩት ደግሞ አረቄ አልነበረም፣ አይራግ ነበር። አረቄው ከእሱ በኋላ ነው የመጣው። ለእናንተ ወተት ነው፤ ለእኔ አረቄ ነው። ጽዋዎን ንቄ አይደለም። እንዲህ ያለ ክብር ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም። አልጠጣውም ግን።»

ጽዋውን ግንባሩ ላይ ነካ አደረገና በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋ።

ራቭዳን አልተቀበሉትም። «ለሥጋ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

«ለሥጋ ነው ጋሼ።»

እስከ አፉ የሞላው አይራግ እየፈሰሰ የዳሽኛምን አዲስ እጅጌ አራሰው። ሽማግሌው በመጨረሻ ወሰዱት። እንደቆሙ አንስተው ጭልጥ አድርገው ጠጡትና ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ነገሩ ለቀቀ ማለታቸው ይሁን እንቢተኛውን መናቃቸው ይሁን ማንም አላወቀም። ዘፋኙ ሊጀምር አለና ማንም ስላልተከተለው ተወው። ሶሎንጎ ቀና ብላ አባቷን አላየችም፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር። ዳሽኛም በቁሙ አለቀ። የልጄን ቤት ገና እሳት ሳይነድበት አፈረስኩት ብሎ አሰበ፣ ወደ በሩም አየ።

«ተቀመጥ» አለችው ጸንድማ ከንፈሯን ሳታነቃንቅ። «አሁን ከወጣህ ያልከው ሁሉ ውሸት ይመስላል።»

ተቀመጠ። ከዚህ የሚከብድ ነገር አድርጎ አያውቅም።

የሙሽሪት ሻይ ሰዓት ደረሰ። ሶሎንጎ ከአማቷ ምድጃ በመጣው እሳት የራሷን ምድጃ ለኮሰች፣ ኩበቱን ጨመረች፣ ውኃውን፣ ሻዩን፣ ወተቱን፣ ጨውን በተራ ከተተች። ሲፈላ በጭልፋ እያነሳች ደጋግማ ገለበጠችው፤ የመጀመሪያዋን ጭልፋ ወደ ውጭ ወስዳ ለሰማይ ረጨች። ቀጥሎ ያለው የባል አባት ድርሻ ነው። እሳቸው ሳይቀምሱት በዚያ ድንኳን ውስጥ ሻይ በማንም አፍ አይገባም፤ ቀምሰው ሙያዋን አመስግነው ወይም ቀልደውባት ነው ሌላው የሚጠጣው። ሶሎንጎ በሁለት እጇ ይዛ ተንበርክካ ሰጠቻቸው።

ራቭዳን ተቀብለው ሻዩን አዩት። ወደ አፋቸው አላስጠጉትም። እንደ መነሳት አሉና እጃቸውን ዘርግተው ጽዋውን ዳሽኛም አፍንጫ ሥር አመጡት።

«ይኼንንስ?»

«ይኼንን እጠጣለሁ።»

«እንግዲያው ያዝ። ሳይበርድ ነው።»

ዳሽኛም እንደፈላ ጨለጠው። ምላሱን ላጠው፣ ጉሮሮውን ፈጀው፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ። የሙቀቱ እንባ አልነበረም፤ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት አለቀሰ፣ አፉንም በእጁ አልሸፈነም።

«ጨው በዝቶበታል?» አሉ ራቭዳን።

«ትንሽ በዝቶበታል።»

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። ማንላይም ሳቀ፤ ሎዶይ ደግሞ ከሁሉ በላይ ሳቀ። ራቭዳን አልሳቁም። ባዶውን ጽዋ ከዳሽኛም እጅ ወስደው ለጥቂት ጊዜ አገላብጠው አዩት።

«ቡላው ጨው ይወድ ነበር» አሉ።

ከዚያ ጽዋውን ለምራታቸው ዘረጉላት፣ የራሳቸውን ለመጠጣት። ሶሎንጎ ቀዳችላቸው። ቀምሰው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ሻይ በየተራው መዞር ጀመረ፤ ዘፋኙም ያቋረጠውን ጀመረ፣ አሁን ሰው ተከተለው። ሶሎንጎ አባቷ ዘንድ ስትደርስ ለመቅዳት ጎንበስ አለች፤ ፊቷም ከፊቱ አጠገብ ሆነ።

«እንኳንም እሺ አላሉኝ፣ አባባ» አለችው በጆሮው።

እስከ አፉ ሞላችለትና ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች።